ሁለት ስም፣ አንድ ካርድ

አቶ ወልደአማኑኤል በአሰላ በአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት የሠሩ፣ የእጅ ጽሑፋቸውም ግትርነታቸውም የታወቀ ሰው ነበሩ። በ፲፱፻፹፩ ዓ.ም. በአንድ የጥቅምት ጠዋት ወደ ሥራ ለመሄድ ጋሪ ሲሳፈሩ ከጎናቸው አስያን አገኟት። አስያ አዲስ አበባ ኮምፒዩተር ተምራ፣ ለክሊኒኩ የመጣውን ማሽን እንድታደራጅ የተላከች የአገሩ ልጅ ናት።

«እንዴት አደሩ፣ ጋሼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። መዝገቤን ልትነጥቂኝ የመጣሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

«መዝገብዎን ሳይሆን ድካምዎን ነው። የትናንቱን ሰምተዋል?»

መስማት ብቻ? ሌሊቱን ሙሉ ሲያሰላስሉት ነው ያደሩት። ዘሀራ የምትባል የበቆጂ ሴት አምና ፔኒሲሊን ተወግታ ለጥቂት ነው የተረፈችው፤ ማስጠንቀቂያውን በካርዷ ላይ በቀይ የጻፉት ራሳቸው ናቸው። ትናንት ግን በቤት ስሟ ጫልቱ ነኝ አለች፣ እሳቸውም አዲስ ካርድ አወጡላት። ያንኑ መርፌ ልትወጋ ስትል ነርሷ «መርፌ ጎድቶሽ ያውቃል?» ብላ ጠይቃት ዳነች።

«ጥፋቱ የሁለት ስም ነው» አሉ ቆጣ ብለው። «ስምን መልአክ ያወጣዋል። አንድ ሰው፣ አንድ ስም፣ አንድ መስመር።»

«እኛ ቤት መልአኩ ሁለቴ ነው የሚመጣው፣ ጋሼ» አለች አስያ ፈገግ ብላ። «እናቴ ፋጡ ትባላለች፤ ለአያቴ ግን እስከ ዛሬ ብርቂቱ ናት። ሰውን ለመዝገብ ብለን ከምንቆርጠው መዝገቡን ብናሰፋው አይሻልም?»

«ማሽንሽስ ለስም አንድ ቦታ አይደል ያለው?»

«ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው፤ ሁለተኛውን ስም ሌላ መዝገብ ላይ ያኖሩና ሲፈለግ ያገጣጥሙታል። የእኛው ግን በአንዱ የስም ቦታ ሁለትም አምስትም ይይዛል። እንደ ስልቻ ነው፣ ያስገቡትን ያህል ይሰፋል። የማይስማማው መድኃኒትም እንዲሁ። ዘሀራ ቢሉ፣ ጫልቱ ቢሉ፣ ያችው አንዷ ካርድ ከነማስጠንቀቂያዋ ትመጣለች። በሦስት መስኮት ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ቢጠይቅም ለሁሉም ይመልሳል።»

«በዚህ ዕድሜዬ የማሽን ቋንቋ ልማር?»

«ቃሉን የሚያወጡት እርስዎ ነዎት። ‹የማይስማማ› ካሉኝ በማሽኑ የቃላት መዝገብ ላይ እንደዚያው አስገባዋለሁ። ከዚያ ‹ከጮሌ ወረዳ የመጡ፣ ፔኒሲሊን የማይስማማቸው› ብለው ቢጠይቁት ይዘረዝርልዎታል። እኔም ለያንዳንዱ ጥያቄ ፕሮግራም ስጽፍ አልከርምም።»

እውነቱን ለመናገር፣ ሽማግሌውን የረታቸው ይህ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሌሎች ባወጡት ቅጽ ሲጽፉ፣ ቃል አውጣ ያላቸው ሰው አልነበረም።

ክሊኒኩ እንደ ደረሱ ማሽኑ ፊት ተቀመጡ። «በእኔ ጀምሪ። ወልደአማኑኤል።»

ማሽኑ የአማርኛ ፊደል ስለሌለው አስያ በላቲን ፊደል ጻፈች። «ሌላ ስምስ፣ ጋሼ?»

አቶ ወልደአማኑኤል ወንበራቸውን ወደ ማሽኑ አስጠጉ። «እናቴ ቱፋ ነበር የምትለኝ። ተማሪ ቤት ስገባ መዝጋቢው አንድ መስመር ብቻ ነበረው፤ ቱፋ እዚያው ቀረ።» አስያ ስሙን ጻፈችውና ማሽኑን ቱፋ ብላ ጠየቀች። አንድ ካርድ መጣ፣ ሁለቱም ስም በላዩ ላይ።

በዚያ ወር ለሁለት ተከፍለው የነበሩ አርባ ካርዶች አንድ ሆኑ። ነርሶቹ ማስጠንቀቂያውን በየትኛውም የታማሚው ስም ያገኙት ጀመር። ዘሀራም ልትታከም ስትመለስ በአቶ ወልደአማኑኤል መስኮት ሁለት ጥያቄ ጠበቃት።

«ስምሽ ማን ነው? ሌላስ ማን ይሉሻል?»

ሁለቱንም ነገረቻቸውና ሳቅ ብላ «እርስዎንስ?» አለቻቸው።

«ቱፋ» አሉ።