በጣት የተለካ ነፋስ

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሁለት ሰዎች መቶ የነፋስ ተርባይኖች በተተከሉበት ሜዳ መቆጣጠሪያ ክፍል ደረጃ ላይ ተገጣጠሙ። አንደኛው ሠላሳ ዓመት ኤሌክትሪክ ሲያከፋፍሉ የኖሩት፣ ባልደረቦቻቸው «አባ ነፋስ» የሚሏቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ሌላዋ በቅርቡ የተቀጠረች የአየር ጠባይ ባለሙያ ናት። አባ ነፋስ ጠዋት ጠዋት ጣታቸውን በምራቅ አርጥበው በመስኮት ያወጡና የቀኑን ነፋስ ይተነብያሉ። ዛሬ ጣታቸው ወዲያው ስለ ደረቀች ደስ ብሏቸዋል።

«ጋሼ፣ ተጠባባቂው ጄኔሬተር ይጥፋ ብለዋል አሉ» አለች ባለሙያዋ መንገዳቸው ላይ ቆማ።

«አዎ ልጄ። ይህን የመሰለ ነፋስ እያለ ነዳጅ ማቃጠል ግፍ ነው።»

«እኔን ያስፈራኝ መብዛቱ ነው። በስተምዕራብ የአየር ግፊቱ በአንዴ ወርዷል፤ የነፋስ ማዕበል እየመጣ ነው፤ ስምንት ሰዓት ግድም እዚህ ይደርሳል። ነፋስ ከልክ ሲያልፍ ተርባይኖቹ እንዳይሰበሩ ራሳቸውን ያቆማሉ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። አንድ ሁለቱ ቢቆሙ የቀሩት ይሸከማሉ።»

«ያ በአዘቦቱ ነፋስ ነው። ማዕበል ግን ሜዳውን በሙሉ ባንዴ ይይዘዋል፤ መቶውም አብረው ይቆማሉ። ጄኔሬተሩ ደግሞ ከጠፋ በኋላ ለመሞቅ አንድ ሰዓት ይፈልጋል።»

«ጣቴ ዋሽታኝ አታውቅም።»

ዋሽታቸው ታውቃለች፤ የዋሸችበትን ቀን መዝግበው ስለማይዙ ነው እንጂ።

«ጣትዎ የምትነግርዎ ያሁኑን ነው። የስምንት ሰዓቱንስ? የእኛን ኤሌክትሪክ በሚጠቀመው ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ዛሬ ያለው የማን ፈረቃ ነው?»

የአባ ነፋስ ልጅ ፈረቃ ነው። ልጃቸው ከሰማንያ ሰዎች ጋር ታች ነው፤ የሚተነፍሱት አየር የሚወርድላቸው በኤሌክትሪክ ማራገቢያ ነው። ፈሩ። በአንዲት ትናንት በመጣች ልጅ መረታቱም ከነከናቸው።

«እስቲ ማስረጃሽን አሳዪኝ» አሉ በመጨረሻ።

የተርባይኖችን ሁኔታ ወደሚያሳየው ሰሌዳ ወሰደቻቸው። ማዕበሉ ቀድሞ በደረሰበት በሩቁ ኮረብታ ላይ ከመቶው ሌላ ሃያ ተርባይኖች ነበሩ። ሃያውም በአራት ደቂቃ ውስጥ ቆመዋል።

«በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» አሉ ለራሳቸው። ወዲያው ስልኩን አነሱ። «ጄኔሬተሩን እንዳታጠፉት።»

ስምንት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው መቶው ተርባይን ባንዴ ቆመ። የክፍሉ መብራት አንዴ ደብዘዝ ብሎ ተመለሰ፤ ጄኔሬተሩ ሸክሙን ተረክቦ ነበር፣ የማዕድኑ ማራገቢያም አልቆመም።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይህ ነው። ነገ የሚመጣውን ያወቀ፣ ጄኔሬተሩን ማቆየት ሲገባው ያቆየዋል፤ ማጥፋት ሲገባውም ያለ ስጋት አጥፍቶ ነዳጁን ይቆጥባል። አባ ነፋስ ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ መስኮቱ ከመሄዳቸው በፊት የባለሙያዋን ጠረጴዛ ይጎበኛሉ።

በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ልጃቸው አቧራ ለብሶ ቤት ገባ።

«እንዴት ዋልክ?» አሉት።

«እንደ ወትሮው ነው አባዬ፤ ምንም የለም» አለና ጫማውን ያወልቅ ጀመር። አባትየው ፊታቸውን አዙረው አለቀሱ።