የሲኞራ ምድጃ እስኪመጣ

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ አስመራ ላይ ምግብ ቤት የሚከፍት ሰው ዕቃውን ከሱቅ አይገዛም፤ ጣሊያኖቹ አንድ በአንድ ወደ አገራቸው ይሄዱ ነበርና ከእነሱ ነው የሚገዛው። ባለቤቴ ሐጎስ ደግሞ ሲኞራ የምንላት የአንዲት ጣሊያን ወጥ ሠሪ ነበር፣ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ እሷ ቤት ነው ያደገው ማለት ይቻላል። ታዲያ የራሳችንን እንክፈት አልንና ጎዳይፍ ሰፈር፣ በአውሮፕላን ጣቢያው መንገድ፣ ከአውቶቡሱ ፌርማታ ፊት ለፊት አንዲት ቤት ተከራየን። እና ዕቃ መሰብሰብ ጀመርን። ድስቶቹን አንድ ሆቴል ሲዘጋ ገዛን፣ የጎባበጡ ናቸው፤ ሐጎስ ራሱ በመዶሻ አቃናቸው። ሳህኑ አንዱ ካንዱ አይገጥምም፣ አንዱ ሰማያዊ ጠርዝ አለው፣ ሌላው አበባ። እኔ ደስ ብሎኛል። ምን ቀረ? ምድጃ።

"የሲኞራን እናገኛለን፣ በርካሽ" አለኝ። "ከፋሲካ በኋላ ልትሄድ ነው።"

የብረት ምድጃ ነው፣ ከሥሩ ሐጎስ የጣሊያኖቹን ላዛኛ የሚጋግርበት መጋገሪያ ያለው። ታዲያ ፋሲካ አለፈ፣ ሲኞራ አልሄደችም። "ሐጎስ፣ ከክረምቱ በኋላ" አለችው። ክረምቱም አለፈ። "ከገና በኋላ።" አልፈርድባትም። የተወለደችው እዚሁ ነው፣ አገሬ የምትለውን አገር አይታው አታውቅም፣ የት ትሂድ?

"አንተ ሰውዬ" አልኩት፣ "መደበር ገበያ ያሉት ብረት ቀጥቃጮች በርሚል ቆርጠው ምድጃ ይሥሩልን።"

"ላዛኛ በበርሚል?" አለና እንደሰደብኩት ሁሉ አየኝ።

"እሺ ላዛኛው ይቅር፣ ዝግኒ እንሥራ፣ የሥጋ ወጥ።"

"ጽንሒ" አለኝ፤ ቆዪ ማለቱ ነው። እኔም ቆየሁ። የቤት ኪራይ ግን አይቆይም። ያጠራቀምነው አለቀና ቁልፉን መለስን።

ቤቱን ማን ተከራየው? አንዲት የጦር መኮንን ሚስት፣ ከጎንደር የመጣች፣ ወይዘሮ አስካለ። ድስቱንና ሳህኑን ከእኛው ገዛች። የብረት ምድጃ አላት? የላትም። የሸክላ ማንደጃ ደረደረች፣ ከሰል አቀጣጠለች፣ አግዳሚ ወንበር ከጎረቤት ተዋሰች፣ እና በሳምንቱ ከፈተች። ሹፌሩ፣ ወታደሩ፣ የአውሮፕላን ጣቢያው ሠራተኛ፣ ሁሉ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። በኋላ እኔን አስጠራችኝ፤ "ለተ፣ እህቴ፣ እጅሽ እንደሚጣፍጥ ሰምቻለሁ፣ ነይ አብረን እንሥራ።" ሄድኩ። ልጆች አሉኝ፣ ምን ላድርግ? ይሄ አማርኛዬም የዚያ ኩሽና ነው።

 ሐጎስ ግን በዚያ ሲያልፍ የመንገዱን ማዶ ይዞ ነው። እና ሲኞራ በመጨረሻ ስትሄድ ቤቷን ከነዕቃው ሸጠችው። "ሐጎስ፣ ገዢው ምድጃውም ከቤቱ ጋር ለእኔ ይሁን አለኝ" ብላ አለቀሰች። እሱም የገዢው ወጥ ሠሪ ሆነና በዚያው ምድጃ ላይ ሸመገለ። ሓቂ፣ እውነቴን ነው ልጄ፣ እንደሱ የሚያበስል ሰው አላየሁም። የራሴ በሚለው ቤት ግን አንድ ሳህን ምግብ ሳያቀርብ ቀረ።

አንድ ቀን ሐጎስ እኛ ምግብ ቤት መጣ። ምሳ ሰዓት አልፎ ሰው ሲቀንስ ነው። አስካለ ብድግ አለች፤ "አቶ ሐጎስ፣ ይግቡ፣ ይግቡ።" ተቀመጠ፣ አቀረብኩለት። እኔ ኩሽናው በር ላይ ቆሜ አያለሁ።

"እንዴት ነው?" አለችው።

"ጨው ያንሰዋል" አላት።

ታዲያ ጨረሰው። ጨርሶ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገና "ጨምሪልኝ" አለኝ። እኔ ሣቄ መጣ፣ ዕንባዬም መጣ፣ ቶሎ ወደ ኩሽና ገባሁ።

ማታ አብረን ወደ ቤት ስንሄድ፣ ያኔ ተከራይተነው የነበረውን ቤት ዞር ብሎ አየው። እና፣

"መስኮቱ ጋ አንድ ጠረጴዛ ይገባ ነበር" አለኝ።

"እወ" አልኩት፣ "አዎ፣ ይገባ ነበር።"