«አቃጥሎ» እና «አቃጥዬ»

ዝናብ ባይመጣ ኖሮ የእንግሊዝኛ መምህርቷ አጎቷ ዘንድ ባልገባች፣ ይህም ነገር ባልተነሣ ነበር። ከትምህርት ቤት ወጥታ ስትጣደፍ ዶፉ መንገድ ላይ ያዛትና ከፖስታ ቤቱ አጠገብ ወዳለችው ጠባብ ክፍል ጥልቅ አለች። አጎቷ በዚያች ክፍል፣ እንግሊዝኛ ለማያውቅ ሰው ሁሉ በጽሕፈት መኪና የእንግሊዝኛ ማመልከቻ ሲጽፉ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ታይፕ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን አልጠሉትም።

«ግቢ፣ ግቢ! ብቻ ውሃ አንጠባጥበሽ ወረቀቴን እንዳታበላሺብኝ» አሉና ወንበር ሳቡላት። «ይልቅ ይችን አንብቢና እንግሊዝኛ እንዴት እንደሚጻፍ እይ። ለጎረቤታችን ለአንሶላ ተኳሿ የጻፍኩላት ነው።»

ጎረቤታቸው በአንድ ሆቴል የልብስ ንጽሕና ክፍል ትሠራለች። ሰኞ ዕለት በመተኮሻው ማሽን ላይ አርባ አንሶላ ተቃጥሎ ተገኘ። ቋንቋችንን የማይሰሙት ሥራ አስኪያጅ፣ እስከ ነገ ጠዋት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማብራሪያ እንድታቀርብ አዘዋታል። ጥፋቱ የእሷ ሆኖ ከተገኘ ትሰናበታለች። ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው ደግሞ በዚያች ሥራ ነው።

መምህርቷ አነበበች። ደግማ አነበበችና ፊቷ ተለወጠ።

«አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ደብዳቤ እኮ አንሶላዎቹን ያቃጠልኳቸው እኔ ነኝ ይላል።»

«ምን አልሽ?»

ጣቷን ያሳረፈችበት ዓረፍተ ነገር «ሃቪንግ በርንድ ዘ ሺትስ፣ አይ ስዊችድ ኦፍ ዘ ማሽን» ይላል።

«ታዲያ ምን አጠፋሁ? የነገረችኝን ነው የጻፍኩት! ‹ማሽኑ አንሶላዎቹን አቃጥሎ፣ እኔ ደርሼ አጠፋሁት› አለችኝ። አቃጥሎ ማለት ሃቪንግ በርንድ ነው። አንቺ ሳትወለጂ የተማርኩት ነገር ነው።»

«ሃቪንግ አንዱ ሥራ አልቆ ሌላው መከተሉን ይናገራል፤ በእሱስ ልክ ነዎት። ግን እስቲ ልጠይቅዎት፤ ‹አቃጥሎ› ሲባል ያቃጠለው ማን ነው?»

«እሱ ነዋ! ማሽኑ።»

«‹አቃጥዬ› ሲባልስ?»

«እኔ። ምን ነካሽ ልጄ፣ ፊደል ልታስቆጥሪኝ ነው?»

«አይደለም አጎቴ። የእኛ ቃል ሠሪውን በጫፉ ይዞ ይዞራል። ያቃጠለው ሌላ፣ ያጠፋው ሌላ ቢሆን ማንም አይደናገርም። የእነሱ ‹ሃቪንግ በርንድ› ግን ጫፉ ባዶ ነው። እኔም አይል፣ እሷም አይል፣ ማሽኑም አይል። ሠሪውን የሚያገኘው ከነጠላ ሰረዙ ማዶ ካለው ባለቤት ነው። እዚያ ማዶ ያለው ማን ነው?»

ጋሽ ታይፕ መነጽራቸውን አስተካክለው ወረቀቱን አዩ።

«አይ...» አሉ። የእንግሊዝኛው «እኔ» ይሁን የእኛው «አይደለም» ለራሳቸውም አልለየላቸውም።

ዕድሜ ልክ የኖሩበትን ሙያ፣ ያውም ከእህት ልጅ አፍ፣ ስሕተት ነው ሲባል መስማት ይመራል። ሽማግሌውም በዋዛ እጅ አልሰጡም።

«አንባቢው ሞኝ ነው እንዴ? ከነገሩ አካሄድ ይረዳዋል!»

«ለቀልድ የሚያነብ ሰው ይረዳዋል። ጥፋተኛ ሊፈልግ የተቀመጠ ሰው ግን ወረቀቱ ያለውን ነው የሚይዘው፤ ያውም ከነፊርማዋ።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ስጽፍ አንድ ሰው ስሕተት ነው ብሎኝ አያውቅም!»

«ማን ይበልዎት አጎቴ? የሚያስጽፍዎት ሰው እንግሊዝኛውን አያውቅም፤ የሚያነበው ሰው ደግሞ እርስዎን አያውቅም።»

ይህች አነጋገር ልባቸው ውስጥ ገባች። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ።

«ታዲያ ሃቪንግን እርግፍ አድርጌ ልተወው?»

«ለምን ይተዉታል? ሁለቱንም ሥራ የሠራው አንዱ ሰው ሲሆን ያማረ ነው። ማሽኑን አጥፍታ አለቃዋን የጠራችው ራሷ አይደለች? እዚያ ላይ ‹ሃቪንግ ስዊችድ ኢት ኦፍ፣ አይ ኮልድ ዘ ሱፐርቫይዘር› ይበሉ፤ ፍጥነቷንም ያሳይላታል። ሠሪው ሲለያይ ግን ‹አፍተር›፣ ማለትም ‹በኋላ›፣ ብለው ይጀምሩና ማሽኑን በስሙ ይጥሩት።»

አዲስ ወረቀት አስገቡ። «አፍተር ዘ ማሽን ሃድ በርንድ ዘ ሺትስ፣ አይ ስዊችድ ኢት ኦፍ» ብለው ቀስ እያሉ መቱ። ጎረቤታቸው ጃንጥላዋን እያራገፈች ስትገባ መምህርቷ ወንበሩን ለቀቀችላት፤ መናገሩ የአጎቷ ፋንታ ነው።

«የመጀመሪያው ስሕተት ነበረበት፤ የራሴ ስሕተት» አሉ ጋሽ ታይፕ። ሁለቱንም ደብዳቤ እየተረጎሙ አነበቡላት።

«ውይ ጋሼ! በገዛ ፊርማዬ ልባረር ነበር?» አለች ሴትዮዋ፣ ደረቷን ይዛ።

በማግስቱ ቀትር ላይ የሥራ ሽርጧን ሳታወልቅ መጣች። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን አንብበው ወዲያው ቴክኒሻን ጠሩ፤ የማሽኑ ሙቀት መቆጣጠሪያ ተበላሽቶ ተገኘ። እሷም ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ጋሽ ታይፕ ከዚያን ቀን ወዲህ ደብዳቤ ለባለጉዳዩ ተርጉመው ሳያነቡ አያስፈርሙም። ሃቪንግ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ከመኪናው ላይ ያነሡና «ማነው ያደረገው?» ብለው ይጠይቃሉ። ሥራው በዚህ ምክንያት ጥቂት ይዘገያል፤ ነገር ግን ሰው ባልሠራው ጥፋት ከመፈረም ይድናል።

መምህርቷ ወሬውን ሰምታ ደስ ብሏት ስትመጣ ግን አጎቷን ትክዝ ብለው አገኘቻቸው።

«አንድ የመጋዘን ሠራተኛ ነበር» አሉ። «‹ዘበኛው በሩን ክፍት ትቶ ሄዶ፣ እኔ ጠዋት ደረስኩ› ብሎ አስጻፈኝ። እኔም በሃቪንግ ጀመርኩለት። በሩን ክፍት የተወው እሱ ሆነና ከሥራ ወጣ። አሁን ገበያው ዳር ጫማ ይጠግናል። ሳልፍ ባየኝ ቁጥር ተነሥቶ ‹እርስዎስ ጥሩ አድርገው ጽፈውልኝ ነበር ጋሼ፤ የኔ ዕድል ነው› ይለኛል።»

መምህርቷ ወንበሯን ወደ አጎቷ አስጠጋች።

«ዕድሉ አልነበረም» አሉና ባርኔጣቸውን አነሡ። «ሄጄ ልነግረው ነው።»