ለእንግዳ የታጠበው በርሜል

የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ሶማሌ ተራ፣ የመኪና ዕቃ ከሚሸጡት ከጋሼ ሙዘይን ሱቅ ጀርባ አንድ በርሜል የቱቦ ፍሳሽ አስቀምጬ ነበር። ሥራዬ ከፍሳሹ ናይትሮጅኑን ማስወጣት ነው። ማለቴ፣ የሚያስወጡት እንኳ በርሜሉ ውስጥ ባቆምኳቸው የካርቦን ዘንጎች ላይ የሚባዙ ባክቴሪያዎች ናቸው። የኔ ድርሻ ከመኪና ባትሪ ትንሽ ኤሌክትሪክ እየለቀቅኩ እነሱን ማበርታት ነው። ዘንጎቹ ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩበትን ዝልግልግ ቡናማ ነገር እስኪለብሱ አራት ወር ጠብቄያለሁ። ጋሼ ሙዘይን ጠዋት ጠዋት፣ "ሠራተኞችህ እንዴት አደሩ?" ይሉኛል፤ ባክቴሪያዎቹን ማለታቸው ነው።

አንድ ቀን አለቆቼ ሊጎበኙን እየመጡ እንደሆነ ተደወለልኝ። እኔ ደግሞ እንግዳ ይመጣል ከተባለ ግድግዳ ሳይቀር የሚታጠብበት ቤት ነው ያደግኩት። ግቢውን ጠረግኩ፣ በርሜሉን ወለወልኩ። ዝልግልጉ ሲያሳፍረኝ ጊዜ ዘንጎቹን አውጥቼ በበረኪና ፈተግኳቸው። ከዚያ ደረቴን ነፍቼ በር ላይ ቆምኩ።

እንግዶቹ ሲገቡ ጋሼ ሙዘይን በርሜሉን ጎንበስ ብለው አዩና፣ "ሠራተኞቹስ?" አሉኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። "አጠብኳቸው፣ ጋሼ።"

"በምን?"

"በበረኪና።"

ጭንቅላታቸውን ያዙ። "አንተ ልጅ! እንግዳ መጣ ብለህ ቤተሰቡን ፈጀኸው?"