የወላድ ጀሪካን

እማማ ተመስገን ሁለት ጀሪካን ውሃ አንጠልጥለው፣ ጥቂት በሄዱ ቁጥር መሬት እያሳረፉ፣ ወደ ጤና ጣቢያው የሚወስደውን አቀበት ሲገፉ አስተማሪዋ ድንገት ከኋላ ደረሰችባቸው። ጣራው ቢያፈስ ተመስገን፣ መብራት ቢጠፋ ተመስገን የሚሉ ሴት ናቸውና ሰፈሩ ይህን ስም ያወጣላቸው በሹፈት ነበር፤ እሳቸው ግን እንደ ሹመት ተቀብለውታል። አስተማሪዋ የጎረቤታቸው የልብስ ሰፊው ልጅ ናት፤ ያደገችው በእጃቸው ነው።

«እማማ፣ አንዱን ወዲህ ይበሉት። ወገብዎን ሊጨርሱት ነው እንዴ?»

«ወገቤማ ድሮ አለቀ። ያዢልኝ እስቲ። የአናጢው ሚስት ምጥ ይዟት ገብታለች። የልጅ ልጄም ወሯ ገብቷል፤ ዛሬ ለሰው ካልደረስኩ ነገ ማን ይደርስልኛል?»

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። የጤና ጣቢያው የውሃ ፓምፕ ከተበላሸ ቆይቷል። አዋላጇ መጀመሪያ «ውሃ ይዛችሁ ኑ» ስትል ሰው አጉረመረመ፤ እያደር ለመደው፤ ኋላማ ጭራሽ ወግ አደረገው። ወሯ የገባ ሴት ያለችበት ቤት ጎረቤት ሁሉ ጀሪካን ይዞ ይገባል፤ ያላመጣ ይታማል። ጀሪካኑ አንገት ላይ ጥብጣብ የሚያስሩም አሉ። መከራም ጥብጣብ ሲታሰርለት ደግነት ይመስላል።

«እማማ፣ ይሄን ውሃ ማቅረብ የማን ሥራ ነው?» አለች አስተማሪዋ።

«የጎረቤት ነዋ።»

«ጤና ጣቢያውስ የማን ነው?»

«የመንግሥት።»

«ታዲያ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ውሃ እንዴት የጎረቤት ዕዳ ሆነ?»

«ጀመረሽ ደግሞ! የተማረ ሰው መጠየቅ እንጂ መሸከም አያውቅም እንዳልል፣ ይኸው ተሸክመሽልኛል። ልጄ፣ መረዳዳት ነው። በመረዳዳት የተጎዳ የለም።»

አስተማሪዋ ጀሪካኑን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች።

«ነገ የጤና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ከበላይ ሰዎች ጋር ሊመጣ ነው። መራቂዋ እርስዎ ነዎት አሉ።»

«ለመኑኝ፤ እሺ አልኩ። ምርቃት ምን አለበት?»

«ባለፈው ጊዜ ‹ምን ጎደላችሁ?› ብለው ሲጠይቁ ምን ነበር ያሉት?»

«‹ውሃው ሞልቶ ይፈሳል› አልኳ። ታዲያ እንግዳ ፊት ገመናዬን ላውጣ? አንቺስ ቤትሽ ሰው ቢመጣ ጓዳዬ ባዶ ነው ብለሽ ትቀበያለሽ?»

«እንግዳ አይደሉም እኮ እማማ። ደሞዛቸውን ከግብራችን የሚበሉ ተቆጣጣሪዎች ናቸው። የመጡት የጎደለውን ሊያዩ ነበር፤ እኛ ጓዳውን ዘግተን በሳሎን ሸኘናቸው። ፓምፑ ለምን እንደቀረ ጠይቄው ኃላፊው ምን አለኝ? ሳያፍር፣ ‹ለእናንተ የታሰበው ለሌላ ጤና ጣቢያ ተሰጠ፤ ነዋሪው ራሱ ችግር የለም ብሎ መስክሯል› አለኝ። ለእኛ የመጣልን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የምስክር ወረቀት ነው። ‹በሕዝብ ተሳትፎ አንደኛ› ይላል።»

«እሱንማ ሲሰቅሉት ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ» አሉ አሮጊቷ፤ ድምፃቸው ወረደ። እርግጥ ወዲያው መለስ አሉ። «ቢሆንም አንቺ አልወለድሽ፣ አልከበድሽ፤ ለመድፈር ይቀልሻል። የልጅ ልጄ እኮ በእነሱ እጅ ልትገባ ነው። ዛሬ ተናግሬ ነገ ‹የዚያች የምላሰኛዋ ዘር ናት› ብለው ኮሪደር ላይ ቢጥሉብኝስ? ሆድ ይፍጀው ነው የሚሻለው።»

ይህን ፍርሃት ማንም አይሳቅበት። የሚወዱት ሰው በሌላው እጅ ያለ ሰው ምላሱ ይታሰራል።

«አምና እህቴ ስትወልድም ሆድ ይፍጀው ብለን ነበር» አለች አስተማሪዋ። «ሕፃኑ ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። የሆስፒታሉ ሐኪም እትብቱ ተመርዟል አለ። ንጹሕ ውሃ በሌለበት እጅ እንዴት ይጠራል? ዕቃውስ እንዴት ይታጠባል? ያ ሁሉ ጀሪካን ከየትኛው ጉድጓድ፣ ከየትኛው በርሜል እንደተቀዳ ማን ጠየቀ?»

«አንዱ የእኔ ነበር» አሉ አሮጊቷ ቀስ ብለው።

«አንዱ የእኔ። እርስዎን ልወቅስ አይደለም። እኛ በቀና ልብ ሞትን ተሸክመን ወጣን፤ ሥራው የእነሱ የነበረው ሰዎች ደግሞ ምስጋና ተቀበሉበት።»

«እኛማ ‹ለሷ ያለው አልነበረም› ብለን አጽናናናት።»

«አዎ። የፓምፑን ጥፋት ለፈጣሪ ሰጠነው።»

አሮጊቷ ጀሪካናቸውን አስቀመጡ። ስለ ደከማቸው አልነበረም። ቆይተው እንደገና አነሱት፤ እስከ በሩ ድረስ መሬት አላሳረፉትም።

ግቢው ውስጥ ዘበኛው ለነገው ጉብኝት ሽር ጉድ ይላል። ጀሪካኖቹን እየለቀመ ከሕንፃው ጀርባ ይደብቃል፤ ከደረቀው ቧንቧ በላይ ደግሞ «እጅዎን በውሃና በሳሙና ይታጠቡ» የሚል አዲስ ማስታወቂያ ለጥፏል። አዋላጇ በር ላይ ቆማ አንዲት ረዳት በኩባያ ውሃ እያፈሰሰችላት ትታጠባለች። ጀሪካኑን ስታይ ፊቷ ፈካ፤ ያ መፍካቷ ነው የአሮጊቷን አንጀት የበላው።

«ሲስተር፣ ነገ የውሃውን ነገር ሰው ቢያነሳ ትቀየሚያለሽ?»

አዋላጇ ዙሪያዋን ቃኘች። «እማማ፣ እኔ ብናገር ‹የውስጥ ጉዳይ አወጣች› ተብዬ እዛወራለሁ። እናንተን ወዴት ያዛውሯችኋል? እኔ የምቀየመው ዝም ስትሉ ነው። በዚህ ኩባያ ታጥቤ በየምጡ ስሸበር የምውለው እኔ ነኝ። ሕፃን ሲሞትብኝ ደግሞ እናትየው የምታየው የእኔን እጅ ነው፤ የኃላፊውን አታይም።»

«እኔኮ ሁላችሁም አንድ ትመስሉኝ ነበር» አሉ አሮጊቷ። ከዚያ ወደ አስተማሪዋ ዞረው፣ «ምን ብዬ ነው የምጠይቀው? ብቆጣ አለቅሳለሁ፤ ባለቅስ ያባብሉኛል።»

«አይቆጡ። ማን ይሠራዋል? መቼ? እስከዚያስ ምን እናድርግ? ይኸው ነው። መልሱን ሰው ሁሉ ይስማ።»

በማግስቱ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደረደሩ፤ ኃላፊው ከበላይ ሰዎች ጋር ተቀመጠ። ስለ ሕዝብ ተሳትፎ ብዙ ከተናገረ በኋላ «አሁን እናታችን ይመርቁናል» አለ።

እማማ ተመስገን ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«እመርቃለሁ። አስቀድሜ ግን ያለፈውን ቃሌን ላንሣ። ውሃ ሞልቷል ያልኩት እንግዳ አፍሬ ነው። ውሃ የለም። ያለው ከዚህ ቤት ጀርባ የተደበቀው የጎረቤት ጀሪካን ነው።»

ኃላፊው ሳቅ አለ። «እናታችን ተጫዋች ናቸው። ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው።»

«ሂደት የሚሉት ሰውዬ የትኛው ነው? ያሳዩኝና እሱን ላናግረው።»

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ከበላይ የመጡት ግን አልሳቁም፤ አንደኛው ተነሥቶ ወደ ሕንፃው ጀርባ ሄደ። አሮጊቷ ሦስቱን ጥያቄ አከታትለው ጠየቁ። ኃላፊው ላቡን እየጠረገ፣ ፓምፑን ራሱ እንደሚያስመጣ፣ ወር ባለቀ ቁጥር እዚሁ ግቢ እየመጣ የደረሰበትን እንደሚናገር፣ እስከዚያም ወላዶችን አምቡላንስ ሆስፒታል እንደሚያደርስ ቃል ገባ።

«ሁላችሁም ሰማችሁ?» አሉ እማማ ተመስገን።

«ሰማን!»

ምርቃቱን ያኔ መረቁ፤ አጭር ነበር።

ቃል ግን ብቻውን አይሄድም፤ ገፊ ይፈልጋል። የልጅ ልጃቸው ምጥ ሲይዛት ስልክ ተደወለ፤ «አምቡላንሱ ነዳጅ የለውም» ተባለ። እንደ ወትሮው ቢሆን ጀሪካን ፍለጋ ይሮጡ ነበር። አሁን አስተማሪዋና የሰፈሩ ሴቶች ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ሄዱ። ነዳጅ የለውም የተባለው አምቡላንስ የኃላፊውን አዲስ ቁም ሣጥን ጭኖ፣ ሞተሩ ተነሥቶ በር ላይ ቆሟል። ሴቶቹ አልተሳደቡም። «በሰው ፊት የገቡትን ቃል ልናስታውስዎት ነው» አሉና ቁም ሣጥኑን ተጋግዘው አወረዱት። የልጅ ልጃቸው ሆስፒታል ደርሳ ወለደች፤ ሴት ልጅ፣ ጤነኛ።

ፓምፑ ቶሎ አልመጣም። ኃላፊው ወር ባለቀ ቁጥር ሰበብ ይዞ ሲመጣ ሰዉ ጥያቄ ይዞ ጠበቀው፤ ሰበቡ አለቀና ፓምፑ መጣ። ዛሬ አዋላጇ በሚወርድ ውሃ ትታጠባለች፤ ዕቃው ይቀቀላል፤ ወላድ ባዶ እጇን ትገባለች። ወርሃዊው ጥያቄም አልቀረም፤ ባዶ የነበረው የመድኃኒት መደርደሪያ የሞላው በዚያው ነው። ኃላፊው አይወዳቸውም፤ እነሱም ውደደን አላሉትም። የፈሩት ቂም ደግሞ አልደረሰባቸውም። ሰው ሁሉ እያየ ቂም መያዝ አይመችም።

የልጅ ልጃቸው ከሆስፒታል የተመለሰች ሰሞን ነው የአስተማሪዋ እህት ልትጠይቅ የመጣችው። ሕፃኗን ተቀብላ ብዙ ጊዜ አየቻት። እማማ ተመስገን ምን እንደሚሉ ጨንቋቸው ትራሱን ያስተካክላሉ፣ መጋረጃውን ይጎትታሉ።

«ይሄ ሁሉ አምናም ይቻል ነበር?» አለች እህትየው።

አሮጊቷ መጋረጃውን ለቀቁ። «ይቻል ነበር፣ ልጄ። አልሞከርነውም።»

እህትየው ሕፃኗን ለእናቷ መለሰች። «ወሩ አልቆ ኃላፊው ሲመጣ እኔም እመጣለሁ። የልጄን ነገር እጠይቀዋለሁ። መልስ እንደሌለው አውቃለሁ፤ ግን ፊቴን እያየ ይስማው።»

«አጠገብሽ እቆማለሁ» አሏት።