ቴክኖ በሐጂ ቤት

ጓደኛዬ ከውጭ ሲመጣ አዲስ የወጣ የቴክኖ ሙዚቃ ሸክላ አመጣልኝ። ጅማ ውስጥ እንዲህ ያለ ሸክላ ያለው ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም፤ ማጫወቻ ግን የለኝም። ስለዚህ እዚያው ሰፈራችን ሄርማታ፣ ጎረቤታችን ሐጂ ሙስጠፋ ቤት ይዤ ሄድኩ። ሐጂ የድሮ ሸክላዎቻቸውን እስከ ዛሬ የሚያደምጡ ሰው ናቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝና «ቢስሚላህ» ብለው መርፌውን አሳረፉት።

ዱም ዱም ዱም ማለት ጀመረ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ሐጂ ትንሽ ታገሡና፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር አንድ ቦታ ላይ ተይዟል» አሉኝ።

«ኧረ ሐጂ፣ ሙዚቃው ራሱ እንደዚህ ነው!»

አላመኑኝም፤ ሸክላዬ ተበላሽቶ ያፈርኩ መስሏቸው አዘኑልኝ። «ቆይ» ብለው፣ የድሮ ሸክላ ሲያዝባቸው እንደሚያደርጉት መርፌውን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። ክርርር! ሸክላዬን ጫሩት ብዬ ዘልዬ ተነሣሁ። ወዲያው ግን ዱም ዱሙ ተመለሰ። ተመስገን፣ ተርፏል ብዬ አንገቴን መነቅነቄን ቀጠልኩ። የቀረበልንን ሻይ ጠጥተን ስንጨርስ ሐጂ፣ «አሁንስ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«አሁንማ በጣም አሪፍ ነው» አልኳቸው።

ጎንበስ ብዬ ሳየው፣ መርፌው ሐጂ የጫሩት ቦታ ላይ ተይዟል።