የምንጩ ዘበኛ

የተከበራችሁ ካህናት፣ አባቶች፣ እናቶች፣ የዕድር ሽማግሌዎች፣ ጓድ እሸቴም የቀበሌያችን ሊቀመንበር፤ በዚህ ጭቃ አስክሬኑን ተሸክማችሁ ከቦሌ እስከ ቡልቡላ ስለመጣችሁ ፈጣሪ ብድራችሁን ይክፈል። እህቴ ምንትዋብ፣ ከባልሽ ሐዘን ያጽናሽ።

እኔ ኑሪ ነኝ። ከመምህር ዓለምሰገድ ጋር አሥራ ስምንት ዓመት አብሬ አስተምሬያለሁ። ስለ አንዲት ተረቱ ብቻ ልናገር።

ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። የመንደር ሰዎች ለምንጫቸው ዘበኛ ይቀጥራሉ። ዘበኛው ዱላ ይጠይቃል፤ ይሰጡታል። አጥር ይጠይቃል፤ ያጥሩለታል። ቀጥሎ አጥሩን የሚጠብቁ ልጆች ይጠይቃል። ልጆቻቸውንም ይሰጡታል። ልጆቹ ከማዶ መንደር ልጆች ጋር ሲጋደሉ፣ ምንጩ ጠራጊ አጥቶ ይደርቃል። ዘበኛው ግን ዱላውን ይዞ ቆሟል።

ጽፎ ሲያነብልኝ፣ «አንተ ሰው፣ ራስህን ልታስበላ ነው?» አልኩት። ሳቀ። «ኑሪ፣ ይገባቸዋል ብለህ ነው?» አለኝ።

አልገባቸውም! ቀበሌው «ስለ ፊውዳሉ ሥርዓት ነው» ብሎ አጨበጨበለት። ትዝ ይላችኋል? ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱት ልጆች አዳራሹ ውስጥ ተደርድረው፣ ጓድ እሸቴ በማይክሮፎን አነበቧት። «ያን ዘበኛ ጥለነዋል፤ እንዳይመለስ ዝመቱ!» አሉ። የዓለምሰገድ አንድያ ልጅ ማሞ ከፊት ነበር። አባቱን ዞር ብሎ እያየ፣ በኩራት ያጨበጭባል።

ዓለምሰገድ ሊናገር ብድግ አለ። ክንዱን ማን ያዘው? እኔ። «ዝም በል፣ ተርፈሃል» ያለው ማነው? እኔ። ተቀመጠ። ማሞ በሳምንቱ ወደ ሰሜን ሄደ። ይኸው ሦስት ዓመት፣ «አለ» ወይም «ሞተ» የሚል ወረቀት አልመጣም። ዓለምሰገድም ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አልጻፈም።

ቆይ፣ አውሮፕላኑ ይለፍ። ወታደር የጫነ ነው፤ ይለፍ።

ጓድ እሸቴ፣ ይስሙኝ። እርስዎም ሁለት ልጅ ልከዋል። ተረቷ ስለ ድሮ አልነበረችም። ስለ ዛሬ ነበረች። ስለ እኛ ነበረች። ይሄኛው ዘበኛ ቢወድቅስ፣ ዱላውን የሚያነሳ ይጠፋል? እኛስ ልጅ መስጠት እንተዋለን? እኔ አይመስለኝም። ይኸው ተናገርኩ፤ ከፈለጋችሁ ከዚሁ ውሰዱኝ።

ዓለምሰገድ፣ ወንድሜ፣ ዘገየሁ። ማሞ እዚያ ካለ — ምንትዋብ፣ ይቅር በይኝ፣ ካለ ነው ያልኩት — «አባትህን ዝም ያሰኘው ኑሪ ነው» በለው። ደህና ሁን።